«አርፈው ይቀመጡ» የሚባል በሽታ

ደብረ ወርቅ ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች የምሥራቅ ጎጃም ከተማ ናት። የሚከተለው ምልልስ እዚያ እንደተደረገ ሆኖ ይነበብ። ሁለቱም ተናጋሪዎች የጸሐፊው ፍጥረት ናቸው። አንደኛው ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ በወጣትነታቸው ከሳንባ ነቀርሳ የዳኑ የኔታ ናቸው። ሌላዋ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒ ተምራ የተመለሰች የእህታቸው ልጅ ናት። የሚጠቀሱት ጥናቶች፣ ዓመቶችና ቁጥሮች ግን ፈጠራ አይደሉም።

የኔታ፦ ሐኪሙ «ሳንባዎ ላይ ጠባሳ አለ» ብሎኛል። ጠባሳ በእግር ጉዞ ሲሽር አይቼ አላውቅም። አንቺ ግን ከመጣሽ ጀምሮ «ይነሡ፣ ይራመዱ» ነው። ሳንባዬን ልታድሽው ነው?

ልጅቱ፦ አላድሰውም፣ የኔታ። ነቀርሳ የበላው ሳንባ ተመልሶ አይበቅልም። የእናቴም ቢሆን፣ ጭስ ያጠበበው የአየር ቧንቧ በእንቅስቃሴ አይሰፋም። ሁለታችሁም ስምንት ሳምንት ሠርታችሁ ስትጨርሱ የትንፋሽ መለኪያው ላይ ብትነፉ ቁጥሩ ከጀመራችሁበት ቀን ብዙ አይለይም።

የኔታ፦ ታዲያ ምን ልትሠሪ መጣሽ?

ልጅቱ፦ እግርዎ ላይ ልሠራ።

የኔታ፦ እግሬ ምን ሆነ? የሚያለከልከው ደረቴ ነው።

ልጅቱ፦ ወደ ማርያም ዳገቱን መውጣት ያቆሙት መቼ ነው?

የኔታ፦ አላቆምሁም፤ አሳነስሁት እንጂ። ዱሮ ዘወትር ነበር። ኋላ ወር በገባ በ21 ቀን ሆነ። አሁን ለኅዳር ጽዮንና ለአስተርእዮ ነው፤ እሱም ደግፈውኝ።

ልጅቱ፦ በመካከሉስ?

የኔታ፦ በመካከሉ እቤቴ። ልጆቹ ክፉ አይደሉም፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ብድግ ስል «አርፈው ይቀመጡ» ነው። ውኃው ይመጣልኛል፣ ጫማዬ ይመጣልኛል። ሰው ሲያረጅ እንዲህ ተከብሮ ከተቀመጠ ምን ይፈልጋል?

ልጅቱ፦ እንግዲያ ሕመምዎ ሁለት ነው። አንዱ ነቀርሳው ትቶት የሄደው ጠባሳ ነው። ሁለተኛው «አርፈው ይቀመጡ» ነው። እኔ የማክመው ሁለተኛውን ነው።

የኔታ፦ ልጆቼን በበሽታ ሰየምሻቸው!

ልጅቱ፦ መውደዳቸውን አልነቅፍም። የመውደዳቸውን መንገድ ነው የምነቅፈው። ይስሙኝ። ሥራ የፈታ የጭን ጡንቻ ይሟሽሻል፤ መጠኑ ብቻ ሳይሆን ኦክስጅንን ወደ ጉልበት የመለወጥ ችሎታውም ይደክማል። እንዲህ ያለ እግር ይዘው ከመደብ ተነሥተው እስከ አጥሩ ሲሄዱ ጡንቻው ቶሎ ይዝልና ላክቲክ አሲድ የሚባለውን ያመርታል። ያንን አሲድ ሰውነት የሚያቃልለው በትንፋሽ ነው፤ ሳንባውን «ቶሎ ቶሎ ተንፍስ» ብሎ ያዘዋል። የተጎዳው ሳንባዎ ለራሱ ሥራ ሳይበቃ የሰነፉ እግር ዕዳ ይጨመርበታል።

የኔታ፦ እግሬ ነው በደረቴ የሚያለከልክ በይኛ።

ልጅቱ፦ በከፊል አዎ። ይህን የለካው ካሳቡሪ የሚባል ተመራማሪ ነው፤ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው ጥናት፣ የአየር ቧንቧቸው የጠበበ ሕመምተኞች ብስክሌት እየረገጡ ከሠለጠኑ በኋላ ያንኑ ሥራ ሲሠሩ ደማቸው ውስጥ የሚገኘው አሲድ ቀነሰ፤ የሚተነፍሱት የአየር መጠንም ቀነሰ። ሳንባቸው አልተለወጠም። ሳንባቸው ላይ የሚጫነው ሸክም ነው የቀለለው።

የኔታ፦ እናትሽም እንደኔው ናት?

ልጅቱ፦ የእሷ ይለያል። እርስዎ ነቀርሳ ታመሙ፤ መድኃኒቱን ጨርሰው ዳኑ፤ ጠባሳው ቀረ። እሷ ነቀርሳም አልያዛት፣ ሲጋራም በአፏ አላለፈም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀም አዋቂ ከመቶ አምስት ብቻ ነበር። ፈረንጅ አገር እንዲህ ያለ የአየር ቧንቧ መጥበብ ሲገኝ ሐኪሙ ቀድሞ ስለ ሲጋራ ይጠይቃል። እዚህ መጠየቅ ያለበት ስለ ጓዳ ነው። እንጀራው አለ፣ ጠላው አለ፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ አረቄው።

የኔታ፦ አረቄውንስ ተዪው! ጠብ ጠብ እስኪል ሙሉ ቀን እሳት ሥር መደፋት ነው። እንጨቱም በክረምት እርጥብ ባሕር ዛፍ።

ልጅቱ፦ ሚርት ምድጃ ገዝተንላት ነበር። ምጣዱን ዙሪያውን ስለሚከድነው እንጨትም ይቆጥባል፣ ጭሱንም ይቀንሳል። እንጀራዋን በእሱ ትጋግራለች። የአረቄው ማሰሮ ግን ምጣድ አይደለም፤ ሚርት አይችለውም። ስለዚህ እሱ እስከ ዛሬ በሦስት ጉልቻ ነው። ስለ ምድጃ የሚሰብኩ ሰዎች እንጀራውን ያስባሉ፤ ሴቶቹ ልጅ ያስተማሩበትን አረቄ ግን ይረሱታል።

የኔታ፦ አንቺም የተማርሽው በእሱው ነው።

ልጅቱ፦ አውቃለሁ። ለዚህ ነው የምናገረው።

የኔታ፦ ሕመሟስ እንዴት ይለያል? እኔ ስተነፍስ ጎኔን ጨምድዶ ይይዘኛል። እሷ ግን ደረቷ ተነፍቶ ነው የማያት።

ልጅቱ፦ የጠበበ ቧንቧ አየር ሲገባበት ብዙም አይጨነቅም፤ ጭንቁ ሲወጣ ነው። ቀስ ብላ ከሄደች ያስወጣዋል። ከቸኮለች ወይም ከፈራች አሮጌው ሳይወጣ አዲሱ ይመጣል። የአምናው እህል ያልወጣለት ጎተራ የዘንድሮውን በየት ያስገባል? እሷ «አየር አጠረኝ» ትላለች እንጂ ደረቷ ውስጥ የማይወጣ አየር ታፍኖ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የማስተምራት ማስወጣትን ነው። ባፍንጫ ስባ፣ ከንፈሯን ለፉጨት ሰብስባ፣ ከሳበችበት እጥፍ አርዝማ ማስወጣት። ዕቃ ስታነሣ እያስወጣች፣ ደረጃ ስትወጣ እያስወጣች።

የኔታ፦ ይህስ የዜማ ትምህርት ነው። ተማሪ ትንፋሹን የት እንደሚያሳርፍ ሳያውቅ ድጓ አይዘልቅም።

ልጅቱ፦ እርስዎማ ከእኔ የተሻለ ያስተምሯታል። እንግሊዝ አገር የሳንባ ሕመምተኞችን ሰብስበው መዝሙር የሚያስዘምሩ አሉ። ማስረጃው ገና ቀጭን ነው፤ በእግር መራመድንና ጡንቻ ማጠንከርን አይተካም። ሕመምተኞቹ ግን ይወዱታል።

የኔታ፦ እንዲያው ግን እናንተ ሐኪሞች በየዘመኑ ቃላችሁን ትለዋውጣላችሁ። በእኔ ጊዜ «ተኛ፣ አትድከም» ነበር።

ልጅቱ፦ ልክ ነዎት። ለብዙ ዘመን የሳንባ ሕመም መድኃኒቱ አልጋ ነው ይባል ነበር። የተቃወሙ አልጠፉም። አሜሪካ ዴንቨር ውስጥ ቻርልስ ዴኒሰን የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1895 ለሳንባ ሕመምተኞች ስለ እንቅስቃሴና ስለ ምግብ መጽሐፍ ጽፏል። እንግሊዝ አገር ፍሪምሊ በሚባለው የነቀርሳ ማገገሚያ ደግሞ ማርከስ ፓተርሰን ሕመምተኞቹን መጀመሪያ ያስራምድ፣ ቀጥሎ ቅርጫት ያሸክም፣ በመጨረሻም አካፋ ያስይዝ ነበር።

የኔታ፦ አካፋ! ነቀርሳ ይዞት አካፋ!

ልጅቱ፦ መድኃኒት ያልተገኘበት ዘመን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1900ዎቹ መጀመሪያ። እኔ አካፋ አልሰጥዎትም። ኋላ እ.ኤ.አ. በ1952 አልቫን ባራክ የሚባል ሐኪም ኦክስጅን እየተሰጣቸው የተራመዱ ሕመምተኞች ውለው አድረው ያለ ኦክስጅንም መራመድ እንደቻሉ ጽፎ ነበር። ብዙ ሰሚ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቶማስ ፔቲ እዚያው ዴንቨር ውስጥ ማስተማሩን፣ ትንፋሹንና እንቅስቃሴውን አንድ ላይ አድርጎ ሥርዓት አበጀለት። ዛሬ በሌላው ዓለም የሳንባ ሕክምና መመሪያዎች ይህን ከፓፍ፣ በአፍ ከሚሳበው መድኃኒት፣ ጋር ይመክራሉ።

የኔታ፦ እዚህ ግን አየሩም ቀጭን ነው ይላሉ። የእነሱን ሥርዓት ተራራ ላይ አምጥተሽ ብትገድይኝስ?

ልጅቱ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። በዚህ ከፍታ አንድ ጊዜ ሲተነፍሱ የሚያገኙት ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው ሩብ ያህል ያንሳል። ጤነኛ ሰው ግን አይታወቀውም። ሲንቲያ ቢል የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ሰሜን ተራሮች ላይ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ አማሮችን ከባልደረቦቿ ጋር መርምራ እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱን አወጣች። የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት በአማካይ 95 በመቶ ገደማ ነበር፤ ሄሞግሎቢናቸውም ዝቅተኛ ቦታ ከሚኖር ሰው የራቀ አልነበረም። የአንዲስ ተራሮች ሰው እንዲህ አይደለም፤ የእነሱ ደም ይወፍራል።

የኔታ፦ ተራራው ለምዶናል በያ።

ልጅቱ፦ የለመደው ጤነኛውን ሳንባ ነው። የእርስዎና የእናቴ ሳንባ መጠባበቂያው ተበልቷል። ስለዚህ ነው ይህችን ጣት ላይ የምትሰካ መለኪያ የያዝኩት። እየተራመዱ ቁጥሯ ከ88 በታች ከወረደ እናቆማለን፣ እናርፋለን፣ ፍጥነቱን እንቀንሳለን። ሲቀመጡም ዝቅ ያለ ከሆነ ግን መራመዱ ቀርቶ ሆስፒታል ነው የምንሄደው።

የኔታ፦ በይ ሥርዓቱን ንገሪኝ። አሁን «ቀስ በቀስ እንቁላል» ብለሽ እንዳትተርቺብኝ።

ልጅቱ፦ መጀመሪያ እለካዎታለሁ። ሜዳ ቦታ ላይ 30 ሜትር እለካና ጫፍና ጫፉ ላይ ድንጋይ አስቀምጣለሁ። ስድስት ደቂቃ በሚችሉት ፍጥነት ይመላለሳሉ፤ ሲደክምዎ መቆም ይችላሉ፣ ሰዓቱ ግን አይቆምም። ስንት ሜትር እንደሄዱ እጽፋለሁ። ከዚያ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለስምንት ሳምንት። መራመድ፣ ከመደብ ያለ እጅ መነሣትና መቀመጥ፣ አንድ ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ ውኃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በሁለት እጅ እያነሡ ማውረድ።

የኔታ፦ ምን ያህል ልድከም? ልክ ከሌለው እኔ ቶሎ «ደከመኝ» እላለሁ።

ልጅቱ፦ ከዜሮ እስከ አሥር ብለን እንሰፍረዋለን። ዜሮ ምንም ማለት ነው፤ አሥር ከዚህ በላይ አልችልም ማለት ነው። ሦስትና አራት ላይ እንድንሠራ ነው የምፈልገው። ቁጥሩን ከረሱት እየተራመዱ ያናግሩኝ፤ መናገር ከቻሉ፣ ማዜም ግን ካቃተዎት ልኩ እሱ ነው።

የኔታ፦ ስምንት ሳምንት ደክሜ የማገኘውስ?

ልጅቱ፦ ኮክሬን የሚባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ማኅበር፣ እ.ኤ.አ. በ2015 65 ጥናቶችን አንድ ላይ አየ፤ 3,822 ሕመምተኞች ነበሩባቸው፣ ሁሉም የእናቴ ዓይነት ሕመም ያለባቸው። በስድስት ደቂቃ የሚሄዱት ርቀት በአማካይ በ44 ሜትር ገደማ ጨመረ።

የኔታ፦ (ሳቅ ይዟቸው፣ ከሳቁ ሳል ቀድሞ) አርባ አራት ሜትር! ለአርባ አራት ሜትር ነው ስምንት ሳምንት የምታንገላቺኝ?

ልጅቱ፦ ሰው በራሱ ላይ ለውጡ የሚታወቀው ከ30 ሜትር ገደማ ጀምሮ ነው። ደግሞም በስድስት ደቂቃ ነው እንጂ በቀን አይደለም። ባለፈው ኅዳር የት ላይ ነበር የቆሙት?

የኔታ፦ ቅጥሩን ገብቼ፣ ደጀ ሰላሙን አልፌ። ቤተ መቅደሱ እየታየኝ።

ልጅቱ፦ ከቆሙበት እስከ ቅኔ ማኅሌቱ በር ስንት ሜትር ይሆናል?

የኔታ፦ … ገባኝ። ቀጥዪ።

ልጅቱ፦ ከርቀቱ ይልቅ እኔን የሚያስገርመኝ ሌላው ውጤት ነው። በዚያው ጥናት ሕመምተኞቹ ስለ ድካማቸው፣ ስለ ስሜታቸውና «ሕመሙን እኔ እገዛዋለሁ ወይስ እሱ ይገዛኛል» ለሚለው ጥያቄ የሰጡት መልስም ተሻሽሏል። ኋላ በተደረጉ ጥናቶችም የጭንቀትና የድባቴ ምልክቶች ቀንሰው ተገኝተዋል። ሳንባው ያው ነው። እግሩ ትንሽ በረታ። ልቡና ግን ከእግሩ በላይ ተነሣ።

የኔታ፦ ስለ ልቡና ካነሣሽማ እኔ ልናገር። ሌሊት ተነሥቼ ትንፋሹ ሲቆራረጥብኝ «አሁን ይህ ተመልሶ ባይመጣስ» እላለሁ። መብራት ብርቅ በሆነበት ሌሊት ይህ ሐሳብ ብቻውን አይመጣም፤ ደረትን ይዞ ነው የሚመጣው። ዳገት ላይ ሲያቆመኝ ደግሞ አፍራለሁ። ሰው እንዳያውቅብኝ ፊቴን ወደ ማርያም አዙሬ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ፤ ውዳሴ ማርያም የምደግም እመስላለሁ። አላፊው «የኔታ ጸሎት ላይ ናቸው» ብሎ ይሳለመኛል። እውነቱን እመቤታችን ታውቀዋለች።

ልጅቱ፦ ማስተማሩንስ ለምን ተዉት?

የኔታ፦ ሳል። ማኅሌት ላይ ሳስል የሚዞረውን ዓይን አላየሽውም። «ነቀርሳው ተመለሰባቸው» ነው። ታክሜ ድኜ፣ አክታዬ ተመርምሮ ነፃ ወጥቼ፣ አሁንም አንዳንድ ቤት ዋንጫዬ ለብቻው ነው። ተማሪዎቹ አይሸሹኝም፤ እኔ ግን ሸሸኋቸው። ሰው ዜማ አስተማሪ ተብሎ ኖሮ አንድ ሐረግ በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ሲያቅተው ምን ይባላል?

ልጅቱ፦ ይህ የሕመሙ አካል ነው፣ የኔታ፤ ከሕመሙ ውጭ ያለ የጠባይ ድካም አይደለም። ትንፋሽ ማጠር ያስፈራል። ፍርሃት ትንፋሹን ያፈጥናል፣ ያሳጥራል። ያጠረው ትንፋሽ ሌላ ፍርሃት ይጠራል። ሰውየው ፍርሃቱን ለማምለጥ መንቀሳቀስ ይተዋል፤ ሲተው እግሩ ይዝላል፤ እግሩ ሲዝል ትንሿም ነገር ታስለከልከዋለች፤ ፍርሃቱም «አላልኩህም?» ይለዋል። በመጨረሻ ከቤት መውጣት ይቀራል። ወዳጅ ይቀራል። ሥራ ይቀራል። ሰዎች ይህን «እርጅና ነው» ብለው ይተዉታል፤ ብዙ ጊዜ ግን ድባቴ ነው።

የኔታ፦ ታዲያ መራመዱ ይህን እንዴት ይፈታዋል? ፍርሃት በእግር አይረገጥ።

ልጅቱ፦ በምክር የማይወጣ ፍርሃት ነው፤ «አይፍሩ» ብልዎት አይሰሙኝም። ግን ከጎንዎ ሆኜ፣ ቁጥሯን እያየን፣ ሆነ ብለን ትንፋሽዎ እስኪያጥር እናስኬድዎታለን። ያጥራል። እንቆማለን። ከንፈርዎን ሰብስበው ያስወጣሉ። በሁለት ሦስት ደቂቃ ይመለሳል። በቀጣዩ የሥራ ቀን ደግሞ እንዲሁ። ሰውነትዎ ራሱ «ማለክለክ ሞት አይደለም» የሚለውን ይማራል። ትንፋሽ ማጠሩ ያው ሆኖ ማስፈራቱ ይቀንሳል፤ ሕመምተኞች ራሳቸው ይህን ይናገራሉ። ሌላው ደግሞ ማኅበሩ ነው። ስድስት ሰባት ሰው አንድ ላይ ሲሠራ፣ እናቴን የመሰለች ሴት እርስዎ ዳገት ላይ ሲቆሙ ታያለች፤ «ለካ የኔታም ይቆማሉ» ትላለች።

የኔታ፦ እፍረቴን ገበያ ልታወጪው ነው።

ልጅቱ፦ ለስድስት ሰው ብቻ፤ እነሱም እንደ እርስዎ የሚቆሙ።

የኔታ፦ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። «ከመደብ ተነሥቶ መቀመጥ» ያልሽው ስግደት አይበቃውም? መነሣት መውደቁ ያው ነው።

ልጅቱ፦ ስግደትን አላዝም። እርስዎ ለአምላክዎ የሚያደርጉትን እኔ ለጭን ጡንቻ ብዬ ብቆጥረው ይቀየሙኛል።

የኔታ፦ መቀየምስ እቀየማለሁ።

ልጅቱ፦ በዚያ ላይ ግንባር መሬት ሲነካ ሆድ ደረትን ይጫነዋል፤ ሳንባው ለተጎዳ ሰው ያጨንቃል። መቋሚያዎን ግን እፈልገዋለሁ። ሊቃውንቱ መቆሙ ሲረዝም ለምን ይደገፉበታል?

የኔታ፦ ለማረፍ ነዋ።

ልጅቱ፦ ለሳንባም ነው። ክንድ አንድ ነገር ላይ ሲያርፍና ወገብ ወደ ፊት ዘንበል ሲል፣ የአንገትና የትከሻ ጡንቻዎች ክንድ መሸከማቸውን ትተው ደረትን ለማንሣት ይሠራሉ፤ በደረትና በሆድ መካከል ያለው የመተንፈሻ ጡንቻም ምቹ ቦታ ያገኛል። ሌላ አገር ለዚህ ጎማ ያለው ምርኩዝ ይሸጣል። እርስዎ መቋሚያውን ፊት ለፊትዎ ተክለው፣ ሁለት እጅዎን አናቱ ላይ አድርገው ዘንበል ይበሉ፣ ቀስ ብለው ያስወጡ። ከዚያ በኋላ ውዳሴ ማርያም የሚደግሙ መምሰል አያስፈልግዎትም፤ ጊዜ ካለዎት እውነቱን ይድገሙት።

የኔታ፦ (እየሳቁ) ምላስሽን ከእናትሽ ነው የወረስሽ። ጾሙንስ? በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዴን ነኝ።

ልጅቱ፦ ባዶ ሆድ ጡንቻ አይገነባም። የከሳ የሳንባ ሕመምተኛ ካልበላ ልፋታችን ውኃ በላው። ሕመምተኛ ከንስሐ አባቱ ጋር ተማክሮ ሰዓቱን እንደሚያቃልል ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። በጾሙም ቢሆን ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላው አለ፤ ሥራውን ከተመገቡ በኋላ ትንሽ ቆይተን እናደርገዋለን።

የኔታ፦ እስካሁን የነገርሽኝ ሁሉ የእናትሽን ሕመም ነው። ነቀርሳ ያለፈበት ሳንባ ላይ የተሞከረ አለ?

ልጅቱ፦ ዩጋንዳ ውስጥ አለ። የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከእንግሊዞች ጋር ሆነው፣ ከነቀርሳ ድነው ትንፋሽ ያጠራቸውን ካምፓላ ላይ ስድስት ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ቀን አሠሯቸው፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ። መራመዳቸው ተሻለ፤ የደረት ውጋታቸውና ደም የቀላቀለ አክታቸው ሳይቀር ቀነሰ። ጥናቱ ትንሽ ነበር፤ ካልተሠራላቸው ሰዎች ጋርም አላነጻጸረም። ስለዚህ እንደ ኮክሬኑ አልምልበትም። ግን አገሩ አገራችንን ይመስላል፤ በውድ መሣሪያም አልተደረገም።

የኔታ፦ የሚዘልቅስ ነው? ስምንት ሳምንቱ ሲያልቅ አንቺ ትሄጃለሽ።

ልጅቱ፦ ከተዉት ከስድስት ወር እስከ ዓመት ውስጥ ይከስማል። ይህን አልደብቅዎትም። መጀመሪያውኑ የማይመለሱም አሉ፤ ሁለት ሦስት ቀን መጥተው የሚቀሩ። ድባቴው የጠናበት ሰው ደግሞ በመራመድ ብቻ አይድንም፤ የአእምሮ ሐኪም ያስፈልገዋል። ፓፉም አይቀርም። እናቴ የምትስበው ግማሹ ምላሷ ላይ ነው የሚቀረው። የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡን ለፓፉ አፍ ልክ በስተን አፉን በአፏ ብትይዝ ይሻላል፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በሕፃናት ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1999 ከሚገዛው የፓፍ ማስተላለፊያ ያልተናነሰ መሆኑ ታይቷል።

የኔታ፦ እንዲህ ርካሽ ከሆነ ለምን በየሆስፒታሉ የለም? ጎንደር ያስተማረቻቸው ልጆች የት ሄዱ?

ልጅቱ፦ ጎንደር ፊዚዮቴራፒ በዲግሪ ማስተማር ከጀመረች 20 ዓመት አልፏታል። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳም ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሳንባ ስፔሻሊስቶችን እያሠለጠነ ነው። ሰው ተገኝቷል። ግን ፊዚዮቴራፒ ሲባል ሐኪሙም ታካሚውም የሚያስበው የተሰበረ አጥንትና ስትሮክ ነው። የሳንባ ሕመምተኛ ፓፍ ተጽፎለት ይሸኛል፤ «ይራመዱ» የሚለው እንኳ «ከበድ ያለ ሥራ አይሥሩ» በሚል ይተካል። የሚያስፈልገው እኮ 30 ሜትር መንገድ፣ ሁለት ድንጋይ፣ ሰዓት፣ አግዳሚ ወንበር፣ የጣት መለኪያና የሠለጠነ አንድ ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የማገገሚያ አገልግሎቶች ጥቅል የእናቴን ዓይነት በሽታ በስሙ ይጠቅሰዋል። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ደግሞ እያንዳንዱን ጓዳ ያውቁታል፤ የትኛዋ እናት ምድጃዋ ሥር ሆና እንደምታለከልክ ከሐኪሙ በፊት የሚያዩ እነሱ ናቸው። መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ድረስ መሄድ የማይችል ሰው እዚሁ መሠራት አለበት።

የኔታ፦ እኔ ፈራጅ ብሆን የምፈርደው በሁለት ወገን ነው። በሕክምናው ላይ፣ ያለውን ስላልሠራበት። በልጆቼ ላይ፣ ስላስቀመጡኝ። በራሴም ላይ ልጨምር እንዴ? መቀመጡ ደስ ብሎኝ ነበር።

ልጅቱ፦ እርስዎ ይቅር ይባሉ፤ ሠርተው ይካሳሉ። ለልጆቹ ግን ይህን ይንገሩልኝ፤ ይህን ለሚያነብም ጭምር ነው። ቤታችሁ ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስል ሰው ካለ፣ ከምንም በፊት አክታው ይመርመር። ዱሮ ታክሞ የዳነም ቢሆን እንደገና ይመርመር። ደም የሚተፋ፣ ደረቱን የሚወጋው፣ እግሩ ያበጠ፣ ራሱን የሚስት ከሆነ መራመድ አይጀምር፤ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ይህ ሁሉ ከሌለና ሐኪሙ «ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ነው» ካለ፣ «ማገገሚያ እንቅስቃሴ የሚያሠራ ባለሙያ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ከሌለም «ምን ያህል ልራመድ?» በሉት። ከዚያ በኋላ እናታችሁ ውኃ ልትቀዳ ብድግ ስትል አብራችኋት ተነሡ እንጂ እንስራውን ከእጇ አትንጠቁ።